የአያ ሙላቴ የቁም ተዝካር

አያ ሙላቴ ተዝካር ይወዳሉ። እንዲህ ስላልኩ ሰው ሲሞት ደስ የሚላቸው እንዳይመስላችሁ። ለቅሶ ቤት ከማንም ቀድመው ይደርሳሉ፤ መቃብር ሲቆፈርም በዚያ ዕድሜያቸው ዶማ ካልሰጣችሁኝ ብለው ይጣላሉ። ግን አርባው ደርሶ ዳሱ ሲጣል፣ ካህናቱ ሲሰበሰቡ፣ ጠላው ከጋን ሲቀዳ፣ አልቃሿ የሟቹን ሙያ እያነሳች ሕዝቡን ስታንሰቀስቀው፣ ያኔ ልባቸው ይሞቃል። ከደብረ ታቦር በላይ፣ ከጉና ሥር፣ አጋምጌ በምትባለው ቀበሌ እሳቸው ያልተቀመጡበት ተዝካር የለም። አንድ ጊዜ ጉልበታቸውን ሊታጠቡ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሲወርዱ በመንገድ ላይ የማያውቁት ሰው ተዝካር አግኝተው ገቡና ፍል ውኃውን ሳያዩ ተመለሱ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ ሲሏቸው፣ “ጠላው ግን ግሩም ነበር” አሉ።

ሥራቸው እርሻና ጥርቢያ ነው። እሳቸው የጠረቡት ቀንበር የበሬ ጫንቃ አይልጥም ይባላል፤ ሞፈራቸውንም ፈልጎ ከእስቴ ድረስ የሚመጣ አለ። ሰው ሲጣላ ያስታርቃሉ፣ ሲጋባ ይሸመግላሉ። ታዲያ እርቁም ሽምግልናውም መካከል ላይ ሲደርስ ወሬያቸው ወደ ሙታን ድግስ ይዞራል። የማን ተዝካር ላይ ወጡ እንደጎረና፣ የማን ላይ ካህናቱ ቸኩለው ጸሎቱን እንዳጠፉት፣ የማን ልጆች እንባ አልመጣ ብሏቸው ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው እንደዋሉ፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ በቃል ተቀምጧል።

የባለቤታቸው የትርንጎ ተዝካር ግን ሲያማቸው ይኖራል። ትርንጎ በጦርነቱ ክረምት አረፈች። መድፉ ጉና ላይ እየጮኸ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ሰው ከሰው ሳይገናኝ፣ ተዝካሯ በዳቦና በንፍሮ አለፈ። አልቃሽ እንኳ አልመጣላትም። አያ ሙላቴ ከዚያ ወዲህ ነው የራሳቸውን ነገር ማሰብ የጀመሩት። ድሮ ወራሽ የሌለው ወይም ወራሹን የማያምን ሰው የቁም ተዝካር ያወጣ ነበር። በሕይወቱ ሳለ ይደግሳል፣ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሱለታል፣ ሕዝቡ ያለቅስለታል፣ ራሱም ከድግሱ ቀምሶ፣ ነፍሱን አስይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። አያ ሙላቴ ይህን ተመኙ። “ልጄ ደረጄ ስስታም አይደለም” ይሉ ነበር፣ “ግን እኔ ከሞትኩ በኋላ ጠላው ይቅጠን ይወፍር በምን አውቃለሁ?”

በዚህ መካከል የልጆች ሕግ መጣ። ሕጉማ ድሮም ነበር፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላትን ልጅ መዳር ክልክል መሆኑን በአጋምጌ የማያውቅ አልነበረም። ማወቅና መተው ለየቅል ሆኖ ኖሮ ነው። አሁን ግን ሕጉ ተሻሽሏል፣ ጠብቋል ተብሎ ቀበሌው ተሰበሰበ። ከደብረ ታቦር የመጣችው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ሠናይት ከጽድ ዛፍ ሥር ቆማ በድምፅ ማጉያ አስረዳች። ከእንግዲህ የሚጠየቀው አባት ብቻ አይደለም፤ የሸመገለው፣ የባረከው፣ ዳስ የጣለው፣ ጠላ የጠመቀችው፣ ሚዜ የሆነው፣ ማሲንቆ የመታው ሁሉ አብሮ ይጠየቃል። ድግስ ያለበት ሰው ሁሉ ደግሞ ለቀበሌው ኮሚቴ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ኮሚቴውም መጥቶ ያያል። ሕዝቡ አጨበጨበ። አጋምጌ ለሕግ ማጨብጨብ ላይ የሚወቀስበት ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ በቀበሌው ሠርግ ጠፋ። ድግስ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም በረከተ። አንዱ ጢም ያበቀለ ልጁን ክርስትና አነሳሁ ብሎ ሰንጋ ጣለ። አንዱ ጣራ ያልወጣለትን ቤት አስመረቀ፤ እንግዶቹም ሰማዩን እያዩ ቤቱን አደነቁ። አንዱ ደግሞ በየትኛውም ስንክሳር ውስጥ ስሙ ያልተጻፈ ቅዱስ አግኝቶ ማኅበር ጠጣ። በየድግሱ ማግስት ከትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ትጎድላለች።

ደረጄ አባቱ ዘንድ የመጣው ጥር ሲገባ ነው። አያ ሙላቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መጥረቢያቸውን ይስላሉ። ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለና፣ “አባባ፣ የቁም ተዝካርዎን ላወጣልዎት ነው” አለ።

መጥረቢያው ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

“በሬ ትጥላለህ?”

“በሬ እጥላለሁ።”

“አልቃሿ ዝናሽስ ታለቅሳለች?”

“ዝናሽን ነግሬያታለሁ። ግጥም እየቋጠረች ነው።”

አያ ሙላቴ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ደረጄ ዐይኑን ሰበረ። ከዚያ ነገሩን ዘረገፈው። የበኩር ልጁን ውብአለምን ለአንበሳሜው ነጋዴ ለአቶ ይስማው ልጅ ሊድራት ቃል ሰጥቷል። አቶ ይስማው በክፉ ቀን ያስጠለለው፣ እንደ ወንድሙ የሚያየው ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር መዛመድ የዘመናት ምኞቱ ነው። ሠርግ እንዳይባል ሕጉ አለ። ተዝካር ቢባል ግን ማን ይከለክላል? “በአንድ ዳስ ሁለቱንም እንወጣዋለን። ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ሲሄድ ልጅቷን በበቅሎ ያሳፍሯታል።”

“ውብአለም ገና ዐሥራ አራቷ ነው” አሉ አያ ሙላቴ።

“አውቃለሁ።”

“ስምንተኛ ክፍልን ልትፈተን ነው። ለዘጠነኛ ደብረ ታቦር እወርዳለሁ ትላለች።”

“ከተማ ብቻዋን ልሰዳት ነው? አንበሳሜም ትምህርት ቤት አለ፤ ባሏ ያስተምራታል።”

ይህ ውሸት መሆኑን አባትም ልጅም እኩል ያውቁታል። ባል ቤት ገብታ ደብተር የያዘች ልጅ አጋምጌ አይታ አታውቅም። አያ ሙላቴም እንቢ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነገር ግን ዝናሽ ታየቻቸው፤ ከዳሱ መካከል ቆማ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ የእሳቸውን ስም ስትጠራ። አፋቸው እንደተከፈተ “እሺ” አለ። እዚህ ላይ ልደብቅላቸው አልችልም፤ የልጅ ልጃቸውን በአንድ ቀን ሙሾ ሸጧት።

ውብአለም ወሬውን ከእናቷ ከጌጤ ሰማች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። በማግስቱ ለአያቷ ምሳ ይዛ መጣችና እጃቸውን አስታጠበቻቸው። በልተው እስኪጨርሱ ጠብቃ እንዲህ አለች፤

“አባባ፣ ያን ቀን የሚለቀሰው ለማን ነው? ለአንቱ ነው ለእኔ?”

“እንዲህ አይባልም፣ ልጄ።”

“አባቴ የማንንም አይሰማም፤ የአንቱን ግን ይሰማል። አንቱ እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር።” ሳህኑን አንስታ ወጣች።

አያ ሙላቴ ያን ቀን መጥረብ አልሆነላቸውም። ትርንጎ ትዝ አለቻቸው። ትርንጎን ሲያመጡላቸው በበቅሎ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ሚዜው አቅፎ አውርዶ መደብ ላይ ሲያስተኛት እንኳ አልነቃችም። ስትነቃ እናቴን አለች። ሰንብታ ለመደች፤ ወለደች፣ አረመች፣ አብራቸው አረጀች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሽምብራ እየለቀሙ ሳሉ፣ “ሙላቴ፣ ክፉ ሰው አይደለህም” አለቻቸው፣ “ግን እኔ ልጅ ሆኜ አላውቅም እኮ።” ያኔ ጎንበስ ብለው ሽምብራውን መልቀም ቀጠሉ። አሁን ደግሞ የተዝካሩ ቀን ተቆርጧል፤ ጌሾው ተወቅጧል።

ቀኑ ደረሰ። ዳሱ ሰፊ፣ ጠላው ወፍራም፣ በሬው የሰባ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። አያ ሙላቴ አዲስ ጋቢ ለብሰው ከዳሱ መካከል ከፍ ካለ መደብ ላይ ተቀመጡ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ጥበቡ ከካህናቱ ጋር ፍትሐቱን አደረሱ። ዕጣኑ ሲመጣባቸው ሟቹ አስነጠሱ፤ መምሬም ሳያስቡት “ይማርዎ” ብለው ጸሎቱን ቀጠሉ።

ችግሩ ከእንግዶቹ ጋር መጣ። የአጋምጌ ሰው ተመክሯል፤ ከአንበሳሜ የመጡት የሙሽራው ወገኖች ግን መካሪ አላገኙም ነበር። ከበሩ እንደደረሱ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ጌጤ እየሮጠች ወጥታ፣ “ሞተዋል! ሞተዋል!” ስትላቸው ያው እልልታ ትንፋሽ ሳይቆርጥ ወደ ኡኡታ ተሻገረ። ሚዜዎቹ ጥምጥም ጠምጥመው ከካህናቱ ኋላ ተደርድረዋል፤ የአንዱ ሽቶ ዕጣኑን በልጦታል። የቪዲዮ ቀራጩ ነገሩ ሳይገባው መብራቱን ተክሎ፣ የሚያለቅሱትን ሴቶች “ትንሽ ፈገግ በሉልኝ፣ ቀና በሉ” ይላቸዋል። የሙሽራው በቅሎ በዘርፍና በመስታወት ተሸልማ ከአጥሩ ታስራለች። ሙሽራው አዲስዓለም ራሱ ሙሉ ልብስና ክራቫት ለብሶ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦበት፣ በሙቀት ፊቱ በላብ ርሶ ከሟቹ እግር ሥር ተቀምጧል።

ዝናሽ ተነሳች። አያ ሙላቴ ወገባቸውን አቀኑ።

“ነብር የገደለው በጉና ገደሉ፣
አያ ሙላቴ ነው፣ አልሞተም በሉ!”

ሕዝቡ ደረቱን ደቃ። አያ ሙላቴ ግን ጎንበስ ብለው፣ “ዝናሽ፣ ነብር አይደለም፣ ጅብ ነው” አሏት፣ “እሱንም የገደለው የጎረቤቴ ወጥመድ ነው።”

“ዝም ይበሉ፤ ሟች አይናገርም” አለች ዝናሽ በጥርሷ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ሠናይት ኮሚቴውን ወክላ የመጣችው ይሄኔ ነው። ዳገቱን በአዲስ ጫማ ወጥታ እግሯ ተልጧል። ደረጄ ወንበር አቀረበላት፤ እሷም አንድ እግሯን ከጫማው አውጥታ ዙሪያውን ቃኘች። መብራቱን፣ በቅሎዋን፣ ጥምጥሙን አንድ በአንድ አየች።

“ሟቹ የትኛው ናቸው?”

“እኔ ነኝ ልጄ” አሉ አያ ሙላቴ እጃቸውን አንስተው።

“ደህና ነዎት?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ሞቼ ነው እንጂ ደህና ነኝ።”

ሠናይት ብዙ ቀበሌ ዞራለች፤ ጢም ያበቀለውን ክርስትና ተነሺም አይታለች። በቀላሉ የምትታለል ሰው አይደለችም። “ይች የተሸለመች በቅሎ የማን ናት?” ስትል ደረጄ፣ “የሟቹ ናት፤ ስለሚወዷት ነው የሸለምናት” አለ። “ይኼ ባለ ክራቫትስ?” “የሟቹ የክርስትና ልጅ ነው፤ ከአንበሳሜ ድረስ ሊያለቅስ የመጣ።” ይህን ብሎ ሙሽራውን በክርኑ ጎሸመው፤ “አልቅስ!” አዲስዓለም ታዛዥ ልጅ ነው፤ ማልቀስ ጀመረ። አንዴ ከጀመረ በኋላ ግን ማቆሚያው ጠፋው። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ባለሙያዋ እስክትሄድ ድረስ ማልቀስ ግዴታ ሆነበት። እሷ ደግሞ እግሯ እስኪያርፍ አትሄድም። አልቃሾቹ ደከሙ፣ ወጡ ቀዘቀዘ። አቶ ይስማው፣ የሙሽራው አባት፣ ፀሐዩን ባየ ቁጥር ደረቱን በንዴት ይደቃል፤ ከሩቅ ላየው ከሁሉ ያዘነው እሱ ነበር።

አያ ሙላቴ የተመኙት ሁሉ ሆኖላቸዋል። ሆኖም ምንም አልጣማቸውም። የሚያለቅሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ያዩታል፤ ሁሉም በጋቢው ጫፍ ሥር ሆኖ በቅሎዋን ያያል። ከሴቶቹ መካከል ግን አንዲት ልጅ አለች። ውብአለም ናት። ከላይ ጥቁር ነጠላ አጥልቀውላታል፤ ከሥሩ የቬሎው ጫፍ ነጥቶ ይታያል። ጉልበቷን አቅፋ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ታለቅሳለች። በዚያ ዳስ ውስጥ የምሩን የሚያለቅስ ከእሷ በቀር አልነበረም።

ሠናይትም አየቻት። ፊቷ ለስለስ አለ። “የልጅ ልጃቸው ናት?” ስትል ጠየቀች፤ “ምስኪን! እንዲህ የምትወዳቸው። እውነቴን ልንገራችሁ፣ ተጠራጥሬ ነበር የመጣሁት። እሷን ባላይ ኖሮ አላምናችሁም ነበር።” ጫማዋን አጠለቀች። “ነፍስ ይማር” ብላ ተነሳች።

ከዳሱ ጥግ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። አንዱ ሚዜ በቅሎዋን ሊፈታ ሹልክ ብሎ ወጣ።

አያ ሙላቴ ሕጉ በአዲስ ጫማው እያነከሰ ወደ በሩ ሲሄድ አዩት። ሠናይትን ጠርተው እውነቱን ቢነግሯት ልጃቸው ደረጄ በዐይናቸው ፊት ይታሰራል፤ መምሬም፣ ዝናሽም፣ ጠላ የጠመቁት ሴቶችም፣ ግማሹ አጋምጌ ተነድቶ ደብረ ታቦር ይወርዳል። ዝም ቢሉ ደግሞ በቅሎዋ ተፈትታለች። ፈሩ፣ ከልባቸው ፈሩ። ከመደቡ ላይ ተነስተው ቆሙ።

“ቆይ ልጄ! ኑዛዜዬን ሳትሰሚ የት ትሄጃለሽ? የመንግሥት ሰው ምስክር ይሁንልኝ እንጂ።”

መምሬ ጥበቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አያ ሙላቴ፣ ኑዛዜ እኮ ለሚሞት ሰው ነው።”

“ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ስትፈቱት የዋላችሁት ማንን ነው?”

ሠናይት ተመልሳ መጣች። ደረጄ አባቱን እንዲቀመጡ በዐይኑ ለመናቸው፤ አልተቀመጡም።

“ጥማድ በሬዎቼ ለልጄ ለደረጄ። ትጉህ ልጅ ነው፤ ይገቡታል። መጥረቢያዬንና ምሳሬን ደብሩ ይውሰድ። የጓሮው ማሳ ገብስ ግን የልጅ ልጄ የውብአለም ነው። ደብረ ታቦር ወርዳ ለምትማርበት ስንቅና ቤት ኪራይ ይሁናት።” እጃቸውን ወደ ውብአለም ዘረጉ። “ይችን ልጅ ትምህርቷን ሳትጨርስ የዳረ፣ ያጨ፣ የወሰደ፣ ሥጋዬን ይብላ! አጥንቴን ይልቀም! መምሬ፣ ይገዝቱልኝ!”

አጋምጌ ሕግ ሲወጣ አጨብጭቦ ሲያበቃ ዘዴ ይፈልጋል። የሟች ግዝት ላይ ግን ዘዴ የሚፈልግ ሰው አልተወለደም። ሥጋዬን ይብላ የተባለበትን ነገር የነካ ሰው እህሉ እንደማይበረክት፣ ልጁ እንደማያድግ ሽማግሌውም ሕፃኑም ያውቃል። መምሬ ጥበቡ ደረጄን አዩ፤ ሠናይትን አዩ፤ መስቀላቸውን አዩ። ግንባራቸውን ላብ አጥምቆት፣ “በጴጥሮስ በጳውሎስ ገዝቻለሁ” አሉ።

አቶ ይስማው ከመቀመጫው ተነሳ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። “ይሄማ ቀልድ ነው! እኛ የመጣነው ለተዝካር ሳይሆን ለ…” አለና ሠናይት ላይ ዐይኑ አረፈ። ሠናይት ጆሮዋን አቅንታ፣ “ለምን ነበር የመጣችሁት?” አለችው። አቶ ይስማው ልጁን አየ፣ ሚዜዎቹን አየ፣ ራሱን አየ፤ የተነበበው ሕግ ውስጥ ያልተጠራ ሰው አብሮት አልነበረም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

“ለተዝካር” አለ። “ነፍስ ይማር።”

“ነፍስ ይማር!” አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

አዲስዓለም ቀይ ዐይኑን ከጋቢው አወጣና፣ “አባባ፣ አሁን ማቆም ይቻላል?” ሲል አባቱን ጠየቀ።

ከዚያ በኋላማ ሕዝቡ የቀዘቀዘውን ወጥ በላ፣ ጠላውን ጨረሰ። የአንበሳሜ ሰዎች ባዶ ኮርቻ የጫነች በቅሏቸውን እየሳቡ ሄዱ። ሠናይት ስትወጣ አያ ሙላቴ አጠገብ ቆም ብላ የቬሎውን ጫፍ፣ ከዚያ እሳቸውን አየች። የገባት ይመስላል፤ እጃቸውን ሳመች።

ደረጄ ማታውን አባቱ ፊት መጣ። “አባባ፣ ዛሬ ሞተዋል። ከሞተ ሰው ጋር አልነጋገርም” አለ። ቃሉንም ጠበቀ። እርሻ ላይ ሲያገኛቸው እንደ ግንድ ያልፋቸዋል። አገሩም ቀልድ አገኘ፤ ሰላምታው ሁሉ “ነፍስዎን ይማረውና እንዴት አደሩ?” ሆነ። ቀልዱን ይችሉት ነበር። የጎዳቸው ሌላ ነው። የጎረቤት ተዝካር ላይ ሄደው ሊቀመጡ ሲሉ፣ “አንቱማ የራስዎ ተበልቷል” ብለው በአክብሮት ሸኟቸው። አያ ሙላቴ ያን ዕለት ከአጥሩ ውጭ ቆመው ካህናቱን ሰሙ። እውነተኛው ሞታቸው ሲመጣ ዳስ እንደማይጣል፣ ዝናሽም እንደማትመጣ ገባቸው። ለሙሾ የሸጡትን ልጅ በሙሾው መልሰው ገዝተዋታል፤ ሌላ የሚገዙበት የላቸውም።

ውብአለም ፈተናዋን አለፈች። ደረጄ ግዝቱን ፈርቶ አልዳራትም፤ ግን “ብቻዋን ከተማ አልሰድም፤ ይህን ደግሞ የገዘተ የለም” አለ። አያ ሙላቴ ምንም አልተናገሩም፤ ሟች አይናገርም ተብለዋልና። መስከረም ሲጠባ አንድ ስልቻ ገብስ፣ አንድ ድስትና ቁርበታቸውን አህያ ላይ ጭነው፣ ልጅቷን አስከትለው ዳገቱን ወረዱ። ደብረ ታቦር፣ ተማሪዎች በሚከራዩት ግቢ ውስጥ፣ ከግንቡ ጥግ ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዙ። እሷ ትማራለች፤ እሳቸው ሽሮ ይሠራሉ። ሽሯቸው መጥፎ ነው። መጀመሪያ ያርራል፣ ሲነገራቸው ይቀጥናል፤ የሰው ተዝካር ላይ ስለጎረና ወጥ ያን ሁሉ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የግቢው ተማሪዎች ግን ይወዷቸዋል፤ እሳቸውም የተሰበረ ወንበራቸውን ይጠግኑላቸዋል፣ ሲጣሉ ያስታርቋቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ደረጄ ገበያ ወርዶ ኖሮ በሩ ላይ ቆመ። ስልቻ ገብስ ተሸክሟል። ዝናብ መትቶታል። ገብቶ ስልቻውን አወረደና ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ። አያ ሙላቴ ሽሮውን ማማሰላቸውን ቀጠሉ።

“ውብአለም” አለ ደረጄ በመጨረሻ፣ ከግድግዳው ዐይኑን ሳያነሳ፣ “ይኼ ቤት ብርድ ነው። ሟቹ የሚደርቡት አላቸው ወይ?”

ልጅቷ ወደ አያቷ ዞረች። “አባባ፣ የሚደርቡት አለዎት ወይ እያለ ነው።”

“የለኝም በይው።”

“የለኝም ይላሉ።”

ደረጄ ጋቢውን ከትከሻው ገፈፈና ወደ ልጁ ዘረጋው። “ስጫቸው።”

ውብአለም ጋቢውን አየችው። እጇን አልዘረጋችም። ደብተሯን ወደ ጭኗ ሳበችና እርሳሷን አነሳች።

“ራስዎ ያልብሷቸው፤ እኔ የቤት ሥራ አለብኝ” አለች።

ደረጄ ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጋቢውን አባቱ ትከሻ ላይ ደረበው። እጁንም ከዚያ ቶሎ አላነሳም።